«አስቀይሜሃለሁ ወይ?» ላልሽኝ

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ቻለልሽ? ከዓይኖችሽ የባሰበት ግራው ነው ወይስ ቀኙ? በመጨረሻው ደብዳቤሽ ላይ መስመሮቹ ወደ ታች ሲያዘቀዝቁ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ስትጽፊ አላውቅሽም። ባለቤትሽን ልብስ ሰፊውን ያ ሳል ለቀቀው ወይ? ልጅሽስ ከነባሏ ደህና ናት? የግቢያችሁ እማማ አሁንም በየማለዳው መንገደኛውን ሁሉ እየተቆጡ ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን እንደ ወትሮው ለመገላገል አይደለም። የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ እህል ይበላልኛል፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ለምን እንደሆነ ልነግርሽ ነው ይህን የምጽፈው።

በሦስቱ ያለፉት ደብዳቤዎችሽ መጨረሻ ላይ «አስቀይሜሃለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሦስቱንም ጊዜ «ኧረ ምንም የለም» ብዬ መለስኩልሽ። ዋሽቻለሁ። አስቀይመሽኛል፣ እታለም። አራት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤሽ ኖሬያለሁ። የዓይን ሐኪሙ ለሚቀጥለው ወር እንደቀጠረሽና ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማየትሽ ይመለስ አይመለስ እርግጠኛ እንዳልሆነ ጽፈሽልኛል። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲያነብልሽ አልፈልግም። ፊደሉን ያተለቅሁት ለዚህ ነው። ዛሬ ካልተናገርኩ ደግሞ የማልናገር ሰው መሆኔን ሰሞኑን ቢሮዬ ውስጥ በደረሰው ነገር አውቄያለሁ። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ሥራዬ ሌሎች የነደፉትን የሕንፃ ፕላን መመርመር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስህተት መፈለግ ሙያዬ ነው፤ ባለቤቴ ተፈጥሮህ ነው ትለኛለች። ደንባችን ቀላል ነው። መርማሪው ስህተት ሲያገኝ በቀይ እስክሪብቶ ያከብበዋል፤ ምን እንደሆነ አጠገቡ ይጽፋል፤ ከዚያም ተነሥቶ እስከ ነዳፊው ጠረጴዛ ድረስ ሄዶ በቃል ያስረዳል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ይህን ደንብ ከሃያ ዓመት በፊት ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

አምና አዲስ የክፍል ኃላፊ ተሾመልን። ሰውየው እርሳስ አያያዝ ሳይቀር እኔ ያስተማርኩት ነው። ትልልቆቹን ሕንፃዎች ለሌላ መርማሪ ሰጠና ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ አንሥቶ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠው። ለምን ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። «እንዳሻህ» አልኩት። ያቺን «እንዳሻህ» አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያታለሽ፤ ልጅ ሆኜ ስቆጣ ከበሩ ኋላ ቆሜ ምሳ አልበላም እያልኩ የምወረውራት ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዩን እስክሪብቶ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስህተት ሳገኝ አጠገቡ በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት ብቻ አደርጋለሁ። አልጽፍም፤ አልነሣም፤ አላስረዳም። የፈለገ መጥቶ ይጠይቀኝ አልኩ። ሥራዬን አልተውኩም፤ ማንም ሊከሰኝ አይችልም። ግን ሁሉም የእኔን ዋጋ እንዲያውቅ እየጠበቅሁ ነበር።

ማስመሪያ እያልን የምንጠራት ነዳፊ ነበረች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ መስመሯ የማይዛነፍ ሴት ናት። አንድ ቀን ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ደረጃ ነድፋ አመጣችልኝ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አየሁት፤ ከደረጃው በላይ የሚያልፈው አግዳሚ የአርማታ ተሸካሚ ዝቅ ብሏል፤ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ግንባሩን ይመታዋል። አጠገቡ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ፈርሜ መለስኩላት።

አርማታው ተሞላ። ደረጃውን መጀመሪያ የወረደው ፎርማኑ ነው፤ ግንባሩ አብጦ ደወለልን። «እናንተ ሰዎች ይህን ደረጃ የሠራችሁት ለሰው ነው ለዶሮ?» አለ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም። አፍርሶ መሥራቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ጉዳዩን ለማጣራት በተጠራው ስብሰባ ላይ ኃላፊው ወረቀቱ በማን እጅ አለፈ ብሎ ሲጠይቅ ከፍ አድርጌ አሳየሁት። «ምልክት አድርጌበታለሁ፤ አይታ ያለፈችው ትጠየቅ» አልኩ። ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። ማስመሪያ በሳምንቱ ተሰናበተች።

ዕቃዋን በካርቶን እየከተተች በአጠገቧ ሳልፍ ቀና ሳትል ተናገረችኝ። «ምልክቱን አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። ሦስት ጊዜ ልጠይቅዎ መጥቼ ነበር። ፊትዎን አይቼ ተመለስኩ» አለች። እታለም፣ እውነቷን ነው። መጥታ ነበር። የሚያነበው ነገር እንዳለው ሰው አንገቴን ደፍቼ ጫማዋን አየሁት፤ ጥቁር፣ ተረከዙ ያለቀ ጫማ። ለምን እንደመጣች አውቅ ነበር። ቀና አላልኩም። ይባስ ብሎ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ግፊቴ የወጣው። ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ጠና ያለች ነርስ ክንዴ ላይ ግፊቴን ለክታ ሥራዬን፣ ቤቴን፣ ጠባዬን ጠየቀችኝ። እኔም ምንም የሚያናድደኝ ነገር እንደሌለ ጥርሴን ነክሼ ነገርኳት። «ይሄው ነው ችግሩ» አለች። «ንዴቱንም እየዋጡ መድኃኒቱንም እየዋጡ እንዴት ይሆናል? ሆድዎ ውስጥ ይጣሉብዎታል እኮ»። ከዚያም በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ብቻ እንድከታተል አዘዘችኝ። ንዴቱ ሲመጣ እንዳላባርረው፣ እንዳልውጠውም፣ መጣ ብዬ ልብ እንድለው፤ ከዚያ የፈለግሁትን ላናደደኝ ሰው በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንድነግረው። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት የተቀመጥኩት ትንፋሽ ለመቁጠር ነው ወይ እያልኩ ወጣሁ። ቢሆንም ተቀመጥኩ፤ የታዘዝኩትን ነገር ሳላጣራ መተው አልችልም።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሰላም አይደለም። ያገኘሁት የራሴን መንጋጋ ነው። ሰው ገና አፉን ሳይከፍት መንጋጋዬ ይገጥማል፤ ትከሻዬ ይነሣል፤ ከዚያም «ምንም የለም» የምትለው ቃል ራሷ ተሰልፋ ትመጣለች። ሃምሳ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረውን ሰው ገና አሁን ተዋወቅሁት፤ ትውውቁም አላስደሰተኝም።

በባለቤቴ ላይ ሞከርኩት። እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ ትተዋለች። እኔ አትተዪ አልልም፤ እንደረጠበ በአራት አጥፌ ትራሷ አጠገብ አስቀምጥላታለሁ። ምነው ስትለኝ ምን አደረግሁ እላለሁ። እንግዲህ እውነቱን ልናገር ብዬ ተነሣሁና አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ እስከ ዘጠነኛ ደረስኩ። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ «ይሄ እኮ ክስ ነው። የልብህን ንገረኝ አልኩህ እንጂ ዓቃቤ ሕግ ሁን አልኩህ?» አለችኝ። ከስንት ቀን በኋላ እንደገና ሞከርኩ። ስናደድ ዝም የምለው ሳልናገር እንድታውቂልኝ ፈልጌ ነው፤ ሳታውቂልኝ ስትቀሪ ብቸኝነት ይሰማኛል አልኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። «ለዚህች አንዲት ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀህብኝ» አለችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ስታለቅስ በግድግዳው ሰማኋት። አሁን በመጠኑ እንነጋገራለን። ቤቱ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው።

ወደ ኃላፊውም ሄድኩ። ስህተቱን አይቼ ሆን ብዬ እንዳላስረዳሁ፣ ጥፋቱ የማስመሪያ ብቻ እንዳልሆነ፣ ለምን እንዳኮረፍሁም ነገርኩት። «ተውት፣ ጋሼ፤ ያለፈ ነገር ነው፤ ቦታው በሰው ተይዟል» አለኝ። በጽሑፍም ሰጠሁት፤ መሳቢያ ውስጥ አስገባው። ከዚያ አድራሻዋን ጠይቄ እቤቷ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እጇን ከመዝጊያው ሳታነሣ ሰማችኝ። ስጨርስ «ይህን በስብሰባው ላይ ቢሉት ኖሮ» አለች፤ ቀስ ብላም ዘጋችው። ወርውራ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር። ሌላ ቢሮ ሥራ እንዲፈልጉላት ወዳጆቼን ለምኜ ነበር፤ እስካሁን መልስ የለም። ይቅር እንዳለችኝ አድርገሽ እንዳትወስጂው።

ደረጃዋን ስወርድ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። አንቺም ሦስት ጊዜ መጥተሽ ጠይቀሽኛል፤ እኔም ቀና አላልኩም።

እንግዲህ ስሚኝ። የተቀየምኩሽ በእናታችን ነው። በዚያ እሑድ ስደውል እማዬን አገናኚኝ አልኩሽ፤ «ተኝታለች» አልሽኝ። «ተዪያት፣ አትቀስቅሻት» አልኩሽ። በዚያን ጊዜ ከተቀበረች ሦስት ቀኗ ነበር። ስለ አዲሱ ሕንፃ፣ ስለ ጉንፋኔ፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ ሩብ ሰዓት አወራሁሽ፤ አንቺም እሺ እሺ እያልሽ አዳመጥሽኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤትሽ ደውሎ ነገረኝ። ከዘመድ ርቄ እንዳልሰማው፣ ሥራዬም እንዳይደናቀፍብኝ አስበሽ እንደሆነ በኋላ ጽፈሽልኛል። ገብቶኛል። ግን ተናደድኩ፤ አሁንም ስጽፈው መንጋጋዬ ገጥሟል። ልቅሶዬን ነጠቅሽኝ። ሰው ሁሉ ያወቀውን ሳላውቅ እየሳቅሁ ያወራሁትን ያን ሩብ ሰዓት ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ይህን በዚያው ቀን ብነግርሽ አልቅሰን ይወጣልን ነበር። እኔ ግን «እግዚአብሔር ያጽናን» ብዬ ዘጋሁና ቅጣቴን ጀመርኩ። የእሑዱን ስልክ ቀስ በቀስ ወደ ሁለት መስመር መልእክት አወረድኩት። ለልጅሽ ሠርግ ፈቃድ ተከለከልኩ ያልኩሽም ውሸት ነው፤ ፈቃድ አልጠየቅሁም። ወንበሬ ባዶ ሆኖ እንድታይው ፈልጌ ነው። እንዳየሽው ልጅሽ ጽፋልኛለች። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ስለ እማዬ መናደዴን ግን ይቅርታ አልጠይቅበትም። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት ብዙ ጠዋት ፈጅቶብኛል።

አንቺም የምትዪኝ እንዳለሽ አውቃለሁ። አስታማሚዋ አንቺ፣ ገላዋን ያጠብሽው አንቺ፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ መድኃኒቱ ይኼ ይሁን እያልኩ አዛዥ። ካናደድኩሽ እንዳናደድኩሽ ጻፊው። ለእኔ ብለሽ አታለሳልሺው።

አንድ ነገር ደግሞ አራት ዓመት ልጠይቅሽ ፈርቼ የኖርኩት አለ፤ ቁጣዬን ሁሉ የከመርኩበት እሱን ላለመንካት ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻዋ ሳምንት እማዬ ጠርታኝ ነበር ወይ? ጠርታህ ነበር ካልሽ ሳልደርስላት ቀረሁ ብዬ እኖራለሁ። አልጠራችህም ካልሽም እኖራለሁ። የማልችለው ተኝታለች ስትዪኝ ነው።

ለባለቤትሽ ለልብስ ሰፊው ሰላምታዬን ንገሪልኝ። የላከልኝን ኮት ልክ ነው ብዬው ነበር፤ ልክ አይደለም፤ እጅጌው አጥሮኛል፤ ለብሼውም አላውቅም። ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ለልጅሽ የሠርጓን ነገር እኔ ራሴ ጽፌ እነግራታለሁ፤ አንቺ አትንገሪያት። ለባሏ፣ አጎት ተብዬው ሰላም ብሎሃል በዪው። ለእማማ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ እሳቸው እንኳ ሲቆጡ ፊት ለፊት ነው። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ ይህን ደብዳቤ አላነበበችውም፤ እየጻፍኩ መሆኔን ግን ታውቃለች።

ደብዳቤው እስኪደርስሽ ሁለት ሳምንት ጠብቄ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት እደውላለሁ። ስልኩ አጠገብ ማንም እንዳይቀመጥ። መናገር ካቃተሽ ዝም በዪ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ

ከመኖሪያ ቤቴ፣ ከሁለተኛው ፎቅ
ቅዳሜ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት