ፂም የወጣለት የአባባ ቡድሃ

ለእናቴ፣ ከልጅሽ ከካንሄት፤

እማዬ፣ ውሃ ሜዳውን በዋጠበት በዚህ ወር እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ያ ቁርጥማት ተወሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ያስለቅስሻል? የምናርስበት ጎሻችንስ እግሩ ዳነ ወይ? እህቴ ካንሳንስ በሰላም ተገላገለች? እኔ እጅ እግሬ ደህና ነው፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው አልለቀኝ ያለው። የጎረቤት የዓሣ ማሰሮ በተከፈተ ቁጥር ማጀትሽ ውስጥ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

መልእክትሽ በጀልባ ነጋዴዎች እጅ ደርሶኛል። አዝመራው እንደገባ አባባ እዚህ ቤተ መቅደስ አጥር ላይ የጠረበውን ቡድሃ ልሳለም እመጣለሁ ብለሻል። በደስታ ዘለልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ፤ ሳትመጪ የምነግርሽ አለኝና። የተከበሩ መነኩሴ፣ ይህን ለእናቴ የሚያነቡላት እርስዎ ነዎት፤ ከዚህ በታች ያለውን እባክዎ እንዳይዘሉባት።

አዲሱ ንጉሥ ያደረው ለሺቫ አምላክ ነው፤ ቡድሃን አይወድም። ባለፈው ወር በቤተ መቅደሱ አጥር ላይ የተቀረጹት ቡድሃዎች ሁሉ እንዲፋቁ ትእዛዝ ወጣ። እኔ ያደግኩት አንቺ ጠዋት ለቡድሃ አበባ አቅርበሽ፣ በዚያው እጅሽ የሺቫን ድንጋይ ውሃ ስታጠጪ እያየሁ ነው፤ እኛ ቤት ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። እዚህ ግን ፋቂው እኔው ሆንኩ። ሁለት ቀን መሮ አላነሳም ብዬ ተቀመጥኩ። ባልደረባዬ ታኩር፣ «አንተዬ፣ ድንጋዩ ዝም ብሎ አንተን ምን ያስለቅስሃል? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ! ቡድሃና ሺቫ እላይ ይታረቃሉ፤ እዚህ የሚላጠው ያንተ ጀርባ ነው» እያለ ሲያላግጥብኝ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፈርቼ ተነሳሁ።

የአባባ ቡድሃ ተራ ሲደርስ ግን አለቃችን እግር ላይ ወደቅሁ። «እሺ፣ ፂም አውጣለትና የሺቫ ባሕታዊ ይሁን። ቡድሃ ከመሰለ ግን አንተንም እፍቅሃለሁ!» አለኝ። ታውቂያለሽ፣ ድንጋይ ላይ ሥጋ አይጨመርም፤ ፂሙን ያወጣሁት አንገቱንና ደረቱን ፈልፍዬ ነው። አባባ ያለሰለሰውን ደረት በገዛ እጄ አሻከርኩት። ከንፈሩን ግን አልነካሁም። ከንፈሩ ያንቺ ነው፣ እማዬ። አባባ ሊሞት ሲል ለእኔ ብቻ ነግሮኛል፤ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ካንቺ ርቆ ሲኖር እንዳይረሳሽ ብሎ ነው ያንቺን ከንፈር የጠረበለት። እኔስ ሙሉውን ብፍቀው ኖሮ እዚህ አገር አንቺን ከየት አገኝሽ ነበር? በየማለዳው ሄጄ አየዋለሁ። በዚህ ሁሉ ከተማ ፂም ያላት እናት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ብትስቂልኝ ደስ ይለኛል፤ ብታለቅሺም ጥፋቱ የኔ ነው።

ብቻ ነይ። አበባውን በነጠላሽ ሸፍኚው፤ ጠባቂዎቹ ከጠየቁሽ ለባሕታዊው ነው በያቸው። መሳለሙ ቢያቅትሽ እንኳ ነይ፤ ፊትሽን ልየው።

ካንሳንን ከነጨቅላዋ ሳሚልኝ። አጎቴ ፖን ዘንድሮስ መረቡ ዓሣ ያዘለት ወይስ ጭራሮ? ሰላም በይልኝ። ለመነኩሴው እጅ ነስቻለሁ። አስከሬኑ ተቃጥሎ በማሰሮ ለተቀመጠው ለአባባ አመድ ግን ሰላምታዬን አታድርሺ፤ መጀመሪያ አንቺ ይቅር በይኝ።

አንኮር፣ ከድንጋይ ጠራቢዎች ሰፈር
የክረምቱ ሦስተኛ ጨረቃ በሞላች ማግስት