ጠዋት ጠዋት ስለምትጮኸው ነጭ መኪና

ለተከበሩ የሕሙማን ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ስምሪትና ጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ኩላሊትዎ፣ ልብዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ እንደምመልሰው ደህና ነኝ። ባለቤቴ ግን ካረፈች ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆናት። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው አራት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ሰላማዊ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ስለ ሰማሁና ልቀሰቅሳቸው ስላልደፈርኩ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጋራዥ የሠራሁ ጡረተኛ መካኒክ ነኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ በክፍልዎ ነጭ ሚኒባስ ሆስፒታል እየሄደች ደሟን ታሳጥብ ነበር። አብረዋት ሁለት ሕሙማን ይሳፈራሉ፤ አንድ ሽማግሌ መምህርና የኋላውን ወንበር ይዘው መንገዱን ሁሉ የሚያንጎላጁ አንዲት እናት። አንድ እጥበት ቢያመልጣት ምን እንደሚከተል ሐኪሙ አልደበቀንም፤ እግሯ እንደሚያብጥና ትንፋሽ እንደሚያጥራት ዓይናችንን እያየ ነገረን፣ የቀረውን ደግሞ ግድግዳውን እያየ ጨረሰልን። ስለዚህ በቤታችን ከመድኃኒቱም ከምግቡም በላይ የሚያስጨንቀን ያቺ መኪና በሰዓቷ መድረሷ ነበር።

ቅሬታ ስል እንዳይቀየሙኝ፤ ምስጋና ብለው ይቀበሉልኝ። በቁጥር የማቀርበውም ለፋይል አያያዝ እንዲመችዎ አስቤ ነው።

፩ኛ. መኪናዋ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በራችን ደርሳ ሾፌሩ መሪውን ሲጠመዝዝ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ትጮኽ ነበር። ጩኸቱ የቺንጋዋ ነው። ለሙያው እንግዳ ለሆኑ፣ ማለትም ለክፍልዎ ባለሙያዎች፣ ባጭሩ ላስረዳ፤ በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ አንዲት ረጅም የጎማ ቺንጋ ፑሌጃ ከሚባለው መዘውር ወደ ሌላው እየተጠማዘዘች ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕና መሪውን የሚያቀለውን ፓምፕ ሁሉንም ብቻዋን ታዞራለች። ስትንሸራተት ትጮኻለች። የምትንሸራተተውም ወይ እሷ ራሷ አርጅታ ነው፣ ወይ የሚወጥራት ክፍል ደክሞ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሾፌሩን አስፈቅጄ ኮፈኑን ከፈትኩና ሞተሩ እየሠራ ከኩባያ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረግኩባት። ውሃው ሲነካት ለአፍታ ዝም ብትል ጥፋቱ የቺንጋዋ በሆነ ነበር። እሷ ግን ባሰባት። ስለዚህ የደከመው መወጠሪያው ነው፤ ሞላው ላልቷል፣ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታም ተበልቷል። ባለቤቴ በመኪናው መስኮት ሆና ስታየኝ ቆይታ «አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ለኔ እንዲህ ጆሮህን ሰጥተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ሦስቱም ሕሙማን ሳቁ። የዚያኑ ዕለት የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩልዎ።

፪ኛ. ለፈጣን ምላሽዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በደብዳቤዬ ላይ «የምትጮኸው ማለዳ ሞተሩ ገና ሳይግል ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር። ክፍልዎም መኪናዋ ለምርመራ እንድትቀርብ ያዘዘው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ሞተሯ ከጋለ በኋላ ነው። መርማሪዎ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት አንገታቸውን ብቅ አድርገው ግቢ ውስጥ የቆመችውን መኪና አዳመጡና ሾፌሩን «የምን ጩኸት ነው የምታወራው? ምንም የለም እኮ፣ በል ሂድ» ብለው ሸኙት። ቅጹ ላይ «ድምፅ የለም» ተብሎ ማኅተም አረፈበት። እኔም ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌ መኪናዋ ግቢያችሁ አድራ ማለዳ እንድትመረመር ለመንኩ። ማለዳ የሥራ ሰዓት አለመሆኑ ተገለጸልኝ። መኪናዋ በሥራ ሰዓት ለመጮህ ፈቃደኛ ባለመሆኗ በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ. ሦስተኛው ደብዳቤዬ ግን ፍሬ አፈራ። ባለሙያዎችዎ ቺንጋዋን በሳሙና አሹልኝ። ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ስትጮህ ጊዜ አዲስ ቺንጋ በዚያው በደከመው መወጠሪያ ላይ ገጠሙ። ይህ ማለት ወገቡ ለላላ ሱሪ ቀበቶውን ትቶ ሱሪውን እንደ መቀየር ነው፤ ምሳሌውን የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። አዲሷ ቺንጋ በስምንተኛው ቀን መጮህ ጀመረች። በመዝገብዎ ላይ ግን ጉዳዩ «ተጠግኖ የተዘጋ» ሆኗል፣ ለዚህም እጅ ነሥቻለሁ።

፬ኛ. እግሬ እስኪቀጥን ደጅዎ ተመላልሼ፣ በአራተኛ ደብዳቤም አንድ ነገር ለመንኩ። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ፣ ተጋጭታ ከተጣለች ተመሳሳይ መኪና ላይ፣ ደህና መወጠሪያ ፈትቼ አጽድቼ አስቀምጬ ስለነበር በራሴ እጅ እንድገጥመው ይፈቀድልኝ አልኩ። መልስዎ በጽሑፍ ደረሰኝ። «ጉዳዩ የማይመለከተው ግለሰብ ኮፈን ሲከፍት ቢገኝ ሾፌሩ ከሥራ ይታገዳል» ይላል። ግልባጩም በመኪናዋ ውስጥ፣ ባለቤቴ በምትቀመጥበት ፊት ለፊት ተለጠፈ። ሾፌሩ ሦስት ልጆች አሉት። «አባባ፣ እኔ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ ባሳልፍዎ ደስታዬ ነው፤ ግን ቢያዩን እንጀራዬ ነው» አለኝ። እኔም ትእዛዝዎን አከበርኩ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ መወጠሪያው መደርደሪያዬ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ባለቤቴን እየደገፍኩ ወደዚያች መኪና አስገባኋት።

፭ኛ. በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ቺንጋዋ ዳገቱ መሐል ላይ ተበጠሰች። የባትሪው መብራት በራ፣ መሪው ድንጋይ ሆነ፣ የሙቀቱ ቀስት ወደ ላይ ወጣ። ሾፌሩ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋቱ ትክክል ነበር፤ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ወደ ክፍልዎ ደወለ። «ተለዋጭ መኪና እየመጣ ነው፣ ማንም ሰው እንዳይወርድ፤ የወረደ ሕመምተኛ በራሱ ፈቃድ እንደ ቀረ ይቆጠራል» ተባለ። ተለዋጭ መኪና ለማውጣት ደግሞ ሾፌሩ በአካል ቀርቦ መፈረም እንዳለበት የተነገረው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሕሙማኑን ጥሎ ይሂድ ወይስ አይሂድ እያለ ሲንቆራጠጥ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ሄዶ ፈርሞ ባመጣው መኪና ሆስፒታል ሲደርሱ ማሽኑ ለተረኛው ተሰጥቷል። እሑድ ማሽኖቹ አይሠሩም። ቀጣዩ ተራ ማክሰኞ ነው ተብለው ተመለሱ።

ባለቤቴ ያን ሁሉ ሰዓት ስልክ አልደወለችልኝም። በኋላ ስጠይቃት «መጥተህ ሾፌሩ ላይ ትጮህበታለህ ብዬ ነው» አለችኝ። እሑድ ማታ ጫማዋ እምቢ አላት። መተኛት አቅቷት ትራስ ደርቤላት ተቀመጠች፣ እጇን ይዣት ስለ ተራ ነገር ስናወራ አመሸን። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ትንፋሿ አጠረ። መኪና ፍለጋ ወጥቼ ስመለስ ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ በራችን ላይ ቆማ አየኋት።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ከዚህ በላይ አልሄድልኝ አለ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎን በሚገባ አመሰገንኩ። ራሴን ግን የማመሰግንበት ቃል አጣሁ። እርስዎ ጩኸቱን አልሰሙም፤ እኔ ሰምቻለሁ። ምን እንደሆነም፣ በምን እንደሚድንም አውቅ ነበር። መፍቻውም መወጠሪያውም እጄ ላይ ነበሩ። የቆምኩት ለአንዲት ወረቀት ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ደንብ አክባሪ ነህ ስባል ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁን አንጀቴን ያቃጥለኛል። ሌሊት ስገላበጥ የምወቅሰው እርስዎን አይደለም።

ባለሙያዎችዎ ለሁለተኛ ጊዜ አዲስ ቺንጋ በዚያው መወጠሪያ ላይ ገጥመው መኪናዋን ወደ ሥራ መልሰዋታል። ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ጠዋት በደጄ ስታልፍ ጮኸች። ስለዚህ ዛሬ ማለዳ መንገድ ላይ ቆሜ አስቆምኳት። ሾፌሩን ወዲያ ማዶ ካለው ሱቅ ውሃ እንዲገዛልኝ ላክሁት፤ ሲሄድ ምን እንደማደርግ አያውቅም ነበር፣ ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈትኩ። የደከመውን መወጠሪያ በረጅም መፍቻ ስቤ ቺንጋዋን አላላሁ፣ ብሎኑን ፈትቼ ደህናውን ገጠምኩ፣ ቺንጋዋ በየፑሌጃው ቦይ ውስጥ ልክ መቀመጧን በጣቴ ዳብሼ አረጋገጥኩና ሞተሩን አስነሳሁ። ድምፅ የለም። ሥራው የፈጀው አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። መምህሩ ከመኪናው ወርደው ትከሻዬን ይዘው አለቀሱ፣ እኔ ግን እጄ በቅባት ጠቁሮ ስለነበር ላቅፋቸው አልቻልኩም።

ስለዚህ ጉዳዩ የማይመለከተኝ ግለሰብ ኮፈን መክፈቴን በዚህ ደብዳቤ አምኛለሁ። ለሚወስዱብኝ እርምጃ ሁሉ ቤቴ አለሁ፤ የምሄድበትም የለኝም። ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ መስኮትዎም ሁልጊዜ ፀጥ ወዳለ ግቢ እንዲያይልዎ እየለመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ታዛዥዎ የነበርኩ
ጡረተኛው መካኒክ፣ የልብስ ሰፊዋ ባል

ማስታወሻ፦ መወጠሪያው ያለ ፈቃድ የተገጠመ ስለሆነ በደንቡ መሠረት ይፈታ የሚሉ ከሆነ አልቃወምም። የኋላ ወንበር ላይ የሚያንጎላጁት እናት ግን የፊታችን ማክሰኞ ተራ አላቸው። እሳቸውን አድርሳ እስክትመልስ ብቻ ይታገሱኝ።