የጠፋችው የመርፌ ጫፍ

ውድ እትዬ ስድስት፣

ስለ ጤናዎ ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም፤ ሰላምታውን ካስቀደምሁ ይህኛውን ለመጻፍ ድፍረት አጣለሁና። ዓይንዎ አልከዳዎትም። መርፌዋን የሰበርሁት እኔ ነኝ።

አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምሁ ሰው እንደመሆኔ ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። በእያንዳንዱ ግልባጭ ለራሴ የሚያደላ ቃል እያገኘሁ ሰርዣለሁ። አሁንም አምልጦኝ የቀረ ካለ እርስዎ ይሰርዙት።

ወደ ስፌት ቤቱ በገባሁ ሰሞን ከመስኮቱ ሥር፣ ከእርስዎ አጠገብ አስቀመጡኝ። ጨርቁ ከመቁረጫው ክፍል አራት ማዕዘን ሆኖ፣ በደርዘን በደርዘን ታስሮ ይመጣል። እርስዎ ባለ ስድስት ጎኗን ወረቀት መሐሉ ላይ አስቀምጠው፣ ጠርዙን በየተራ ወደ ኋላ እያጠፉ በሹክሹክታ ይቆጥሩ ነበር። ስድስት ላይ ሲደርሱ አራት ማዕዘኑ የማር ሰፈፍ ዓይን መስሎ ይገኛል። ስሙንም ያወጣልዎ ያ ቆጠራ ነው። የእኔ ጨርቅ አምስት ጎን ሆኖ ሲቀር፣ «ልጄ፣ አንዱን ጎን የት አደረስከው?» ብለው ሳቁብኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ልጄ ያለኝ ሰው አልነበረም።

የምንሰፋው የሕፃናት ብርድ ልብስ ስለሆነ፣ ጠዋት ቁጥራችን በተጻፈበት መሰኪያ ላይ ሁለት ሁለት መርፌ ይሰጠናል፤ ማታ እናስረክባለን። መርፌ የተሰበረበት ሰው ሁለቱንም ስባሪ ያቀርባል። አንደኛው ስባሪ ከጠፋ ሰውየው ይሰናበታል። ይህን ደንብ አላውቅም ነበር ልል አልችልም፤ የመጀመሪያው ቀን ያስረዱኝ እርስዎ ነዎት።

ያን ዕለት በምሳ ሰዓት፣ ካቦው የፈቀደልዎን ነቀፌታ ያለባቸውን ጨርቆች ከከረጢትዎ አውጥተው ለሚወለደው የልጅ ልጅዎ ይሰፉ ነበር። አንድ ረድፍ ላግዝዎ ብዬ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። እጅዎን ሊታጠቡ እንደሄዱ መርፌዬ ቀጭ አለች፤ ጫፏም የውሃ ሽታ ሆነች። ጠረጴዛውን ዳበስሁ፣ ወለሉን በመዳፌ ጠረግሁ። ከዚያ የእርምጃዎ ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማኝ። ከመሰኪያዎ ላይ አንዷን ደህና መርፌ ነቀልሁና በቦታዋ የእኔን ጉማጅ ሰካሁ። ይህን ለማድረግ አንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አልወሰደብኝም።

ማታ ካቦው መሰኪያዎን ሲያይ፣ «የቀረውስ?» አለ። እርስዎ ጉማጇን ወደ ብርሃን አንስተው ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። እኔ ክር እጠቀልል ነበር። ካቦው ማግኔቱን በየወንበሩ ሥር ሲጎትት፣ የዕለቱን ሥራ ሁሉ ሲፈትሽ፣ እኔ ያው ክር እጠቀልል ነበር። «ዓይኔ ከዳኝ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» ብለው በራስዎ ፈረዱ።

የሥራ ፈቃድዎ ከዚያ ቤት ጋር የተያያዘ ስለነበር ልጅዎ ሳትወልድ ከአገሩ ወጡ። የተሰናበቱ ዕለት በር ላይ ያልተጨረሰውን ብርድ ልብስ ሰጡኝ። «አንተ ጨርሰህ አድርስልኝ፤ የእኔ እጅ ከእንግዲህ ለሕፃን አይታመንም» አሉኝ። እኔም ተቀብዬ አጣጠፍሁት።

ጨርሼ ለልጅዎ አደረስሁላት። ወንድ ልጅ ነው፤ ግንባሩ የእርስዎ ነው። በሁለተኛው ጉብኝቴ ጉንጩ ላይ ቀጭን ጭረት አየሁ። እናቱ ጥፍሩን ደጋግማ እንደቆረጠችለት ነግራኝ፣ «አመሉ የአባቱ ነው፤ የሚጣላው ሲያጣ ከራሱ ይጣላል» ብላ ቀለደች። እኔ ግን ያየሁት ብርድ ልብሱን ነበር። የጠፋችው ጫፍ የት ልትሆን እንደምትችል እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አላሰብሁም ነበር። ካቦው የፈተሸው የቤቱን ሥራ እንጂ የእርስዎን ከረጢት አልነበረም።

እትዬ፣ እዚህ ላይ ነው አራቱንም ግልባጭ የቀደድሁት። በዚያች ሰዓት አልተናገርሁም። ሻዬን ጨርሼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ሁለት ቀን ሕፃኑ ከዚያ ልብስ ሥር ተኝቷል፤ ሁለት ቀን እኔ እያወቅሁ ሥራ ገብቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሄጄ ደጃፏ ላይ እንደቆምሁ ነገርኋት። ልጁን አንስታ ለባሏ ሰጠች፤ ከዚያ ሁለት መቀስ አምጥታ አንዱን ገፋ አደረገችልኝ። ዘጠና አንዱንም ጨርቅ እየፈታን በጣታችን ዳሰስን። በሠላሳ ሰባተኛው ጨርቅ እጥፋት ውስጥ አገኘናት፤ ዙሪያዋ ያለው ሰፋፊ ስፌት የእኔ ነበር። ልጅዎ ጫፏን መዳፌ ላይ አኑራ እንዲህ አለችኝ፦

«እናቴ ቁልፍ እንኳ ሲበጠስባት ለጎረቤት ነው የምትሰጠው። መርፌ ፈርታለች። አንተ ራስህ ጻፍላት፤ እኔ አላስታርቅህም።»

ሰኞ ጠዋት ጫፏን ለካቦው አቀረብሁ። መዝገቡን ገልጦ ከእርስዎ ቁጥር ጎን በፕላስተር ከተለጠፈችው ጉማጅ ጋር አገጣጠማት። ገጠመች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለኝ። ቁጥርዎን ሰርዞ የእኔን ጻፈ። እርስዎን ስለመመለስ ጠየቅሁት፤ የተዘጋ ፈቃድ በመርፌ አይከፈትም አለኝ። እኔም እስከ ወሩ መጨረሻ እወጣለሁ። ወዴት እንደምሄድ ገና አላውቅም፤ ግን ይህን የጻፍሁት እንዲታዘንልኝ አይደለም።

የሕፃኑ ጭረት ደርቆ ጠፍቷል። የጥፍሩ ይሁን የመርፌዬ አላወቅንም፤ መቼም አላውቅም።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጠይቅም። ሁለቱን ስባሪዎች ከካቦው ለምኜ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ለጥፌያቸዋለሁ፤ በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። ጨርቆቹን መልሼ ልስፋቸው ብል ልጅዎ አልሰጥም አለች። አጥባ አስራ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልካልዎታለች። ልጇ የሚተኛበትን የምትጠብቀው ከእርስዎ እጅ ነው።

ዘጠና አንድ ናቸው። እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ግን እባክዎ እርስዎ እንደገና ይቁጠሯቸው።

ከጎንዎ ይቀመጥ የነበረው፣
መሰኪያ ቁጥር አሥራ ሰባት