ከሥራቸው የተቆረጡት አሥራ አንድ ወይኖች

የካቲት 11 ቀን 1966 እ.ኤ.አ.
የዛሬ ጠዋት ቆጠራ፣ የባሕሩ ዳር ማሳ፦ የተከረከመ ወይን አርባ፤ ከሥሩ የተቆረጠ አሥራ አንድ።

ውድ እህቴ ሉኪያ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የሜልቦርን ሙቀት እንዳይጎዳችሁ። እኛ በጤና አለን፤ የጠፋው የእኔ እንቅልፍ ብቻ ነው።

ስታማቲስ ሆቴል ሊሠራበት ማሳውን እንደጠየቀን ጽፌልሽ፣ የሽያጩን ወረቀትም ለፊርማሽ ልኬልሽ ነበር። አያታችን ቅርንጫፋቸውን እንደ ቅርጫት እየጠቀለለ ያሳደጋቸው ወይኖች ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው ነሐሴ የሰጡት ፍሬ የድሮውን ሲሶ አይሞላም፤ ፀሐይ ላይ አስጥተን የጠመቅነው ጣፋጩ ወይን ጠጅ አንድ በርሜል እንኳ አልወጣውም። ነጋዴ የማይሸጥ ዕቃ ታቅፎ አይኖርም ብዬ ነበር።

አጎታችን ጋሼ ፍራጊስኮስ ይህን ሲሰሙ ትናንት ማንንም ሳያማክሩ መጋዝ ይዘው ወደ ማሳው ወረዱ። ከስታማቲስ ጋር ስደርስ አሥራ አንዱን ከአፈር እኩል ቆርጠው ጥለዋቸዋል። ስታማቲስ ሳቀና «እሰይ፣ ምንጣሮውን ጀመሩልኝ!» አላቸው።

እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም። «አንተ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከምር። ሥር ምን እንደሆነ የት ታውቃለህ?» አሉት። ወደ እኔም ዞረው፣ «አባትህ ሊቆርጣቸው ሲል ሞት ቀደመው እንጂ ደንቡ ይኸው ነው፤ ያረጀ ወይን ከአፈር እኩል ይቆረጥና ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ያረጀው ቅርጫቱ ነው፤ ሥሩማ ከአንተ ይልቅ ጎረምሳ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሦስት ዓመት እኮ ፍሬ አይሰጡም» ብላቸው፣ «ታዲያ ሦስት ዓመት ውሃ ጠጣ!» አሉኝ።

ስታማቲስ ከሄደ በኋላ ተንበርክኬ ጉቶዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ውሃ ያንጠባጥባሉ። የሞተ ነገር አያነባም፣ ሉኪያ። እኔ ያየሁት ፍሬውን ብቻ ነበር፤ ከታች ያለውን አልመረመርኩም። ለነጋዴ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን አትፈርሚ። ፈርመሽ ከሆነም አትላኪው። ልከሽው እንደሆነ ግን ማሳው ሄደ ማለት ነው፤ ስታማቲስ የሚጠብቀው ያንቺን ፊርማ ብቻ ነው። ከትናንት ጀምሮ ቁጭ ብድግ የሚያደርገኝ ይኸው ነው።

እናታችን ጉንጭሽን ትስማለች፤ ትንሹን ልጅሽን ፎቶ አንሺልኝ ብላለች። ሚስቴ አርጊሮ ለሁላችሁም ሰላም ትላለች። ጋሼ ፍራጊስኮስ ደግሞ «ያልፈረመ እጅ ይባረክ» ብለውሻል።

ነገ፦ ጎህ ሲቀድ ወደብ ወርጄ ደብዳቤውን በእጄ ለመርከቡ ሰው መስጠት። ስመለስ መጋዙን መሳል፤ ገና የሚቆረጡ አርባ ይቀራሉ።

ወንድምሽ ዛኒስ
ሜጋሎሆሪ፣ ሳንቶሪኒ