የሦስት ሚሊ ወንበር

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከአከፋፋዩ የጥጥ ገመድ ገባ። ሦስት ሚሊው በሙሉ አንድ ቡናማ ፈትል በመሃሉ ይዞ መጥቷል። ያዘዝኩት ንጹሕ ነጭ ነው። ስደውልለት፣ "ማን ያየዋል ጋሼ?" ይለኛል። እኔ አየሁት አይደል! ዓይን ያለው ሰው ገመድ አይገዛም ማለት ነው?

አምስት ሚሊ የተባለውንም ለካሁ። እስክሪብቶ ላይ አሥር ዙር አጠጋግቼ ጠምጥሜ፣ በማስመሪያ ለክቼ ለአሥር አካፈልኩ። አራት ተኩል። ግማሽ ሚሊዋ የት ሄደች? ፋብሪካ ጥራት ክፍል እያለሁ ቢሆን ጭነቱን በመጣበት መኪና ነበር የምመልሰው። ፋብሪካው ተዘጋ… በምህንድስና የተመረቅኩት ሰውዬ መርካቶ ጭድ ተራ አጠገብ፣ በአባቴ ሱቅ፣ ገመድ እቆርጣለሁ።

ከሰዓት አንዲት ልጅ መጣች። አምስት ሚሊ ፈለገች። ለምንድን ነው? ለአበባ ማንጠልጠያ። ማሰሮው ሸክላ ነው ፕላስቲክ? አፈሩ ውሃ ሲጠጣስ ስንት ኪሎ ይሆናል? ጥላኝ ሄደች። ሄዳ ከጎኔ ከሀስና ሱቅ ገዛች። ሀስና ማንንም ምንም አትጠይቅም። ለዚህ ነው ሱቋ የሚሞላው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ልጄ መቅደላዊት እራት መጥታ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ የሚከፈት አንድ ካፌ ተንጠልጣይ ወንበር አዟታል። በማክራሜ፣ ገመድ በመቋጠር ብቻ የሚሠራ። አንዱን ከወደዱት ሌሎችም ያዝዟታል። የቢሮ ሥራዋን ትታ ገመድ መቋጠር ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አላገኘችም። ባለቤቴ ባይነሽ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"በስንት ሚሊ ነው የምትሠሪው?" አልኩ።

"በሦስት።"

"የሚቀመጥበት ሰው ነው ድመት?"

"አባዬ፣ በስድስት ሲሠራ እኮ ቋጠሮው ቡጢ ያክላል። ያስጠላል።"

"ሲወድቅስ ያምራል?"

"ኧረ ልጅቷ እራቷን ትብላ!" አለች ባይነሽ።

መቅደላዊት ተነሳች። በሩ ላይ ቆማ፣ "መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ ይባላል" አለችኝ።

በእሱስ ልክ ናት። ግን ከወንበሩ የወደቀ ሰው እንኳን ደስ አለሽ አይላትም! ከእኔ ሱቅ ለወንበር ሦስት ሚሊ አይወጣም አልኳት። ጎጃም በረንዳ ወደተከራየቻት ክፍል ሄደች። ቻው እንኳ አላለችኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሀስና መጣች። ሦስት ሚሊ አልቆብኛል፣ ስምንት ጥቅል ይስጡኝ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው አለች። እዚህ የተለመደ ነው። የሌለህን ከጎረቤት ታመጣለህ፣ እንደ ራስህ ዕቃ ትሸጣለህ፣ ማታ ትተሳሰባለህ። ደንበኛ ፊት "የለኝም" ብሎ ነገር የለም።

"ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል?"

"ጋሼ፣ እኔ የምሸጠው ገመድ ነው። ምርመራ ከፈለጉ ፖሊስ ጣቢያው ወዲያ ነው።"

ያንን ቡናማ ፈትል ያለበትን ሰጠኋት። ጉድለቱን ለደንበኛሽ ንገሪ ብዬ አስጠነቀቅኳት። "እሺ፣ እሺ" እያለች ወጣች። አትነግርም!

መቅደላዊት አልደወለችም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አልደወለችም። እኔ ነኝ እንዴ መደወል ያለብኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ባይነሽ የወንበሩን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። "እስቲ የልጅህን እጅ እየው!" ያምራል። እውነቱን ለመናገር ያምራል… ቋጠሮው ሁሉ እኩል ነው። አንዱ እንኳ አልላላም። አጉልቼ አየሁት። በየቋጠሮው መሃል ቡናማ ፈትል።

የእኔ ገመድ! ከራሴ መደርደሪያ፣ በራሴ እጅ አውርጄ የሰጠሁት! ደንበኛ ቆሟል ስትለኝ አንገቴን አውጥቼ ባይ ምን ነበረበት?

አርብ፣ የካቲት 14

ሱቄን ሳልከፍት ሀስና ጋ ገባሁ።

"የገዛችው መቅደላዊት ናት አይደል?"

"እርስዎ አልሸጥልሽም ካሏት የት ትሂድ ታዲያ?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"'ከአባዬ ሱቅ እንዳይሆን' አለችኝ። አይደለም አልኳት። እርስዎ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ አድበሰበስኩ። ወላሂ፣ ለአንድ ቤተሰብ በአንድ ጠዋት ሁለቴ ዋሸሁ!"

"የለኝም ብትያትስ?"

እንደ እብድ አየችኝ። "መርካቶ ውስጥ?"

ከዚህች ሴት ጋር ምን ይወራል! ካፌው በሚመጣው ሳምንት ይከፈታል። አንድ ሰው ይወድቃል። በእኔ ገመድ፣ በልጄ እጅ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ጎጃም በረንዳ ሄድኩ። ስትከፍትልኝ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር። እኔም ጠቡን ይዤላት ነው የሄድኩት። ግን ወንበሩ ከጣሪያው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ጠቡን ረሳሁት። መቀመጫውን ዳሰስኩት። ጥብቅ ያለ ነው፣ ብዙ ገመድ ክብደቱን ይካፈላል። በስድስት ቢሠራ የጭነት መረብ ይመስል ነበር። ይህንን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ከዚያ ወደ ላይ አየሁ። መቀመጫውን የተሸከሙት ማንጠልጠያዎችም ያው ሦስት ሚሊ! በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ብቻ።

"ይሄ አይችልም።"

"ተቀምጬበታለሁ እኮ።"

"አንቺ ሃምሳ ኪሎ አትሞዪም። ተወዛውዘሽበታል?"

ማንጠልጠያውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

"ካፌ የመጣ ሰው ፀጉር እንደሚስተካከል ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው?"

"እሺ፣ አንተ ተቀመጥበት!" አለች። ንዴቷ የእኔ ነው፣ ከማንም አላመጣችውም።

ተቀመጥኩ። ዘጠና ሁለት ኪሎ። ያዘ። እግሬን አንስቼ ተወዛወዝኩ። ያዘ። እሷ ፈገግ ልትል ስትል… ጧ! የቀኙ ተበጠሰ። ሌላው ተከተለ። በጀርባዬ ወለሉ ላይ።

"አባዬ!"

"አላልኩሽም?" አልኩ፣ ከወለሉ ላይ ሆኜ።

"ወድቀህም?" አለችኝ። እያለቀሰች ነው። "ወድቀህም፣ አባዬ?"

እሷ ጭንቅላቴን ይዛ ደም ትፈልጋለች፣ እኔ የተበጠሰውን ገመድ እቆጥራለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሱቅ አልከፈትኩም። ወገቤ። ባይነሽ በሙቅ ውሃ እያሸችኝ ትስቃለች። ሀስና ደውላ "አይዞዎት" ልትል ጀምራ ሳቋ አመለጣት፣ ዘጋችው። ሁሉም ይሳቅ!

ረቡዕ፣ የካቲት 19

መቅደላዊት መጣች። የሀስናን ሱቅ አልፋ ቀጥታ ወደ እኔ። ሀስና ከበሯ ላይ ሆና፣ "ጋሼ፣ ደንበኛዬን ነጠቁኝ እንዴ?" ብላ ጮኸች።

ለካፌው ሰዎች የሆነውን ሁሉ ነግራቸዋለች። አንድ ሳምንት ጨምረውላታል። መቀመጫው እንዳለ ነው፣ ማንጠልጠያዎቹን ብቻ ትቀይራለች።

"ነጭ ገመድ እፈልጋለሁ" አለች፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ባንኮኒው ፊት ቆማ።

"ለምንድን ነው?" ሳላስበው ወጣ። ልማድ።

"አባቴ ለሚቀመጥበት ወንበር።"

ስድስት ሚሊውን አወረድኩላት። በእጇ ገፋችው።

"ስምንቱን ስጠኝ።"

"ስምንት እኮ…"

"ያ ጧ ያለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም፣ አባዬ። ስምንቱን።"

ወገቤን ይዤ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ስምንቱን አውርጄ፣ ለክቼ ቆረጥኩላት። በደንብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሩ ጋ ስትደርስ፣ "እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት።

ዞር አለች። "አሁን ነው?"

"አሁን ነው።"

ስቃ ሄደች።

ስምንት ሚሊ ለዚያ ለሚያምረው መቀመጫ ይወፍራል። ቋጠሮው ራሷ እንዳለችው ቡጢ ያክላል። ስድስት ይበቃ ነበር፣ አስልቼዋለሁ።

አልነገርኳትም።