ፍቅረማርያም ያሰረው ክር

ኅዳር 6
የሸርጣን ማጥመጃው ወቅት ዘንድሮም በጊዜው አልተከፈተም። ዓሣ ነባሪዎቹ ገና አልሄዱም፣ በገመዳችሁ እንዳይጠላለፉ ጠብቁ ተባልን። ጀልባዋ ኦክላንድ እንደታሰረች ናት። ተንሳፋፊዎቹን ቀለም ስቀባ ዋልኩ። ግማሹ ብርቱካን፣ ግማሹ ጥቁር። ከሩቅ የታየ እንደሆነ፣ ከሥሩ ያለው የሸርጣን ወጥመድ የኛ ነው ማለት ነው።

ካስትሮ ቫሊ፣ በሽተኛችን ቤት ደወልኩ። ፍቅረማርያም እህቴን አግብቶ አማቼ ሆነ፣ ጀልባ ገዝቶ አለቃዬ ሆነ። ዛሬ ድምፁ ቀጥኗል።
«ንጉሤ፣ ተከፈተ?»
«አልተከፈተም።»
«ዓሣ ነባሪዎቹ የኔን መሄድ እየጠበቁ ነው።»
ቀልዱ የኔ ሥራ ነበር። ቀማኝ።

ኅዳር 19
ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ ሕክምና የለም አሉ። የነገረችኝ ልጁ ኢየሩስ ናት፣ ከካምቤል እየነዳች፣ በስልክ፣ በእንግሊዝኛ። አማርኛው አልበቃት ብሎ ነው... ወይስ ለኔ አዝና?
እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ወጥመድ ሲጣል ጀልባዋ ላይ መሆን። ይደርስ ይሆን?

ኅዳር 23
እሱ መምጣት ካቃተው ወጥመዱ ይሂድለት ብዬ በፒክአፕ ጫንኩ። ክብ ብረት፣ በሽቦ የተጠላለፈ፣ ወገብ የሚቆርጥ። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት። እህቴ ውብዳር በር ላይ ቆመች።
«ምንድን ነው የሚሸተው?»
«እኔ እንጃ፣ ባልሽን ጠይቂው።»
ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነው ከሳቀች።

ለፍቅረማርያም ክር ሰጠሁት። የወጥመዱን ክዳን የሚይዘው ጎማ በተራ የጥጥ ክር ነው የሚታሰረው። ሕግ ነው። ገመዱ ተቆርጦ ወጥመዱ ባሕር ውስጥ የቀረ እንደሆነ፣ ክሩ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ውስጥ ያሉት ይወጣሉ። የኔን ቋጠሮ አይቶ፣ «ጫማህን ነው የምታስረው?» አለኝ። አንዱን ለማሰር ሁለቴ አረፈ። ቋጠሮው ግን... ሳብኩት፣ ንቅንቅ አላለም።

ታኅሣሥ 5
መክፈቻውን ዛሬም አራዘሙት። ያሰራቸውን መልሼ ያላሰራቸውን አመጣሁ። ኢየሩስ ተቆጣች።
«ጋሼ፣ ሂ ኒድስ ሬስት።»
«ቁጭ ብሎ ሬስት እያደረገ ነው።»
አኮረፈች። ቆይታ ግን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ ክር እየቆረጠች ታቀብለው ጀመር።

«እውነቱን ንገረኝ፣» አለኝ ፍቅረማርያም እሷ ስትነሳ፣ «ተደብቀህ ቀምሰህ አታውቅም?»
ይህን ሁሉ ዘመን ሸርጣን አጥምደን ስንሸጥ አንዳችንም አፋችን አላስገባነውም። ለኛ እርም ነው። ገዢዎች ዘንድሮ ይጣፍጣል ወይ ሲሉ የሚመልሰው እሱ ነበር። እንደ ማር፣ ይላል፣ ዓይኑን ሳያሽ።
«አላውቅም፣» አልኩት።
«እኔም። ምን ዓይነት ውሸታሞች ነን?»
ሳቅን። እሱን ሳል እስኪይዘው።

ታኅሣሥ 21
አረፈ። የመጨረሻው ወጥመድ ሳሎኑ ውስጥ ነው። አስሮት ነበር።

ታኅሣሥ 26
ለቅሶ ተቀምጬ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። ተከፍቷል። ለማን ልንገር? አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች እግዜር ያጥናህ ይሉኛል፣ እኔ ስልኬን አያለሁ። ውብዳር ገባት።
«ሂድ። ያሰረው ለሳሎን አይደለም።»

ታኅሣሥ 28
በድልድዩ ሥር አልፈን ወደ ባሕሩ ወጣን። ኢየሩስ ሳትጠራ መጣች፣ የአባቷን ጃኬት ለብሳ። ሰርዲን ጨመርኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ቋጠሮውን ዳሰስኩ። የመጀመሪያውን እሷ ገፋችው። ገመዱ ተተረተረ፣ ተንሳፋፊው ተከተለ። ሁለተኛውን አቀበልኳት።

ጥር 3
ሽያጭ። አንዲት ሴትዮ ይጣፍጣል ወይ አለችኝ። እንደ ማር ማለት የሱ ሥራ ነበር። ትልቁን መርጬ መዘንኩላት።

መጋቢት 29
ዓሣ ነባሪዎቹ ተመልሰዋል፣ ወጥመዶቻችሁን አውጡ ተባልን። ቀኑን ሙሉ ጎተትን። ያሰራቸው ክሮች ሳስተዋል፣ አንዳንዱ በጣት ይበጠሳል። በሚቀጥለው ወቅት ሁሉም መቀየር አለበት።

አንዱ ወጥመድ ጠፋ። ተንሳፋፊው የለም፣ የመርከብ ሞተር ገመዱን ቆርጦት ይሆናል። ድሮ ቢሆን ስዞርና ስሳደብ እውል ነበር። ኢየሩስ ዓይኗን ከውሃው አልነቀለችም።
«ጋሼ፣ አንድ ይቀራል።» በአማርኛ።
«ይቅር።»
«ውስጡ ያሉትስ?»
ጀልባዋን ወደ ኦክላንድ አዞርኩ።
«እሱን አባትሽ ይከፍተዋል።»