አሮጌውን ወስዶ አዲሱን የሚተው ሌባ

ክሎኮላን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ነሐሴ 4 ቀን

ለውድ ልጄ ለፑሌንግ፣

የሙስካት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ብርዱ ገና አልለቀቀንም፤ ከማሉቲ ተራሮች የሚወርደው ነፋስ የወርክሾፑን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ይውላል። የሆስፒታሉ የሌሊት ፈረቃ ቀሎልሽ ከሆነ ጻፊልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ሲገባ ስለ ክሊኒኩ የጻፍኩልሽን እርሺው።

ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ስለ ባልሽ የምነግርሽ ስላለኝ ነው። ሞሃውን ከቢላ ወርክሾፔ ላሰናብተው ነው። ከሥራ ያባረርኩትን አማች ደግሞ በቤቴ ላሳድረው አልችልምና ከቤትም ይወጣል ማለት ነው። ከባድ ነገር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ስለዚህ ማስረጃውን በተራ ላስቀምጥልሽ።

ይህን ሥራ የጀመርኩት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ በደንብ አታውቂውም። የቢላን ቅርጽና ስለት የሚያወጣው ሞላ በምንለው የኤሌክትሪክ መሞረጃ ላይ የሚሽከረከረው ቀበቶ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት በሸራ ላይ ተለጥፎ ክብ ሆኖ እንደተሰፋ አድርገሽ አስቢው። ሻካራው ብረቱን ይበላል፤ መካከለኛው የሻካራውን ጭረት ያጠፋል፤ ልስልሱ ደግሞ የመካከለኛውን። አንዱን ደረጃ የዘለለ ቢላ ሠሪ ክፍል እንደዘለለ ተማሪ ነው፤ ጭረቱ መጨረሻ ላይ ብቅ ብሎ ያሳፍረዋል።

እኔ ቀበቶ ሲያረጅ አልጥልም። ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የእርማት ምልክት አድርጌ፣ ገና ለሚያገለግሉት በለየሁት ችንካር ላይ እሰቅለዋለሁ። ሞሃው «ንታቴ» ብሎ እንደ አባቱ ቢያከብረኝም ይህን አይወድም።

«ንታቴ፣ የደነዘዘ ቀበቶ ብረቱን ያሸዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሲያሸው ደግሞ ያግለዋል» አለኝ አንድ ቀን።

«ታዲያ እጅህ ለምንድን ነው? እጅህ ከሙቀቱ ሲሸሽ ቢላውን ውኃ ውስጥ ክተተዋ!» አልኩት።

ጓንት የማናጠልቀው ለዚሁ ነው። በእሳት የጠነከረ ቢላ ሞላው ላይ ከጋለ ስለቱ ይለሰልስና ምንም አይቆርጥም። ከጣት የተሻለ የሙቀት መለኪያ የለም። ባልሽ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በእኛ ወግ አማች ለሚስቱ አባት «ተሳስተዋል» አይልም፤ እሱ ደግሞ ወጉን አጥብቆ ይዟል።

አሁን ወደ ነገሩ። ብርዱ ከገባ ወዲህ ምልክት ያደረግኩባቸው ቀበቶዎች እየጠፉ ነው። በምትካቸው ሌሎች ተሰቅለው አገኛለሁ፤ ጀርባቸው በጥቀርሻ የታሸ፣ ቀይ ምልክት ያለባቸው። አንዱን በማጉያ መነጽር አየሁት። ፍሬው ሁሉ ሹል ነው፤ አንድም የተሰበረ የለም። አዲስ ቀበቶ፣ አሮጌ መስሎ! ምልክቱንም መረመርኩት። የእኔ ጅራቱ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ይህኛው ወደ ግራ ተጎትቷል። በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ የወላጅ ፊርማ አስመስለው የሚያመጡ ልጆችን ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ቤት ግራኙ ማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።

ጠየቅኩት። «ሞሃው፣ ይህን ማን ሰቀለው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ንታቴ።»

«እኔ አይደለሁም።»

«እንግዲያው የሞቱት አያቶቻችን ይሆናሉ። እነሱ ሲሰጡ ደግሞ አይጠየቁም» ብሎ ሳቀና ወደ ውኃው ባልዲ ዞረ። ባልዲውንም ሳያስፈቅደኝ ከሞላው ሥር አስጠግቶታል።

አሮጌውን ወስዶ አዲሱን የሚተው ሌባ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አዲሶቹ የማይረቡ፣ አስመስለው የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። መስከረም ላይ ቢላዬ የቢላ ሠሪዎች ማኅበር ፈታኞች ፊት ሲቀርብ ስለቱ እንዲታጠፍ፣ «ሽማግሌው አበቃለት» እንዲባል፣ ወርክሾፑም ለእሱ እንዲቀር ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ትናንት ደግሞ ጎረቤታችን እማማ ማሊኔዎ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጠራችኝ።

«አንተ ቴፎ፣ የሰው ልጅ ስታርም ኖረህ የራስህ ቤት ሲራቆት አታይም? ያ አማችህ ከረጢት ሙሉ ነገር ተሸክሞ ወደ ታክሲ ተራው ሲሄድ አየሁት።»

«ምን ነበር የያዘው?»

«እኔ ምን አውቄ! ባዶ እጁን ሲመለስ ግን ያፏጭ ነበር። የሚያፏጭ አማች አይታመንም።»

እዚህ ላይ ላቁም። ታክሲ ተራው ሄጄ ገዢውን በዓይኔ አይቼ እጨርሰዋለሁ።

ነሐሴ 5 ቀን

ከላይ ያለውን አልቀደድኩትም። ተማሪዎቼን «የተሳሳተውን ስሌት አትፋቁ፤ ይታይ» እል ነበር።

ቀበቶዎቼን ያገኘኋቸው ታክሲ ተራው ካለው ጫማ ሠሪ ከፓኪሶ ዘንድ ነው። ቆራርጦ የጫማ ሶል ይሞርድባቸዋል። ቀዩ ምልክቴ በየቁራጩ ላይ አለ።

«ከማን ገዛህ?» አልኩት።

«ኧረ መምህር፣ በነጻ ነው! ሞሃው ነው የሚያመጣልኝ። ‹ለጎማ እንጂ ለቢላ አይሆኑም፤ ተመልሰው ንታቴ እጅ እንዳይገቡ ቶሎ ቆራርጣቸው› ብሎ አስምሎኛል።» ከዚያ አፉን በመዳፉ ያዘ። «ይኸው፣ ዛሬም በእርስዎ ፈተና ወደቅሁ።»

«መቼ አልፈህ ታውቃለህና?»

ሳቀና ከምድጃው ላይ አውርዶ በቆርቆሮ ኩባያ ሻይ ቀዳልኝ። የራሱን በጨርቅ ይዞ እፍ እፍ ይላል። እኔ ኩባያዬን በሁለት መዳፌ አቅፌ ስለ ቀበቶዎቹ አስባለሁ። ሲያየኝ ቆየና፣ «መምህር፣ እጅዎ ከምንድን ነው የተሠራው?» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ኩባያውን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው።

ያልተቆረጠ አንድ ቀበቶ ተቀብዬው ወደ ወርክሾፑ ተመለስኩ። ሞሃው አልነበረም። ቀበቶውን ሞላው ላይ አጠለቅሁና አንድ የጠነከረ ውዳቂ ቢላ እንደ ደንቡ በባዶ ጣቴ ይዤ መሞረድ ጀመርኩ። እጄ እስኪሸሽ ጠበቅሁ። የቢላው ጫፍ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ቡናማ፤ ከዚያ ሰማያዊ። እጄ አልሸሸም።

ቀበቶው በጣም አርጅቶ ነበር።

ቀና ስል ሞሃው በሩ ላይ ቆሟል። ሰማያዊውን ቢላ አየ። ጣቶቼን አየ።

«ንታቴ፣ ሽታው…»

«የምን ሽታ?»

«የቀበቶው ነው፣ ንታቴ» አለና ሞላውን አጠፋ። ከዚያ አማች የማያደርገውን አደረገ፤ እጄን አንጓዬ ላይ ይዞ ባልዲው ውስጥ ከተተውና እስኪበርድ ድረስ አልለቀቀኝም። እኔም እጄን አልነጠቅሁትም።

ስለዚህ አላሰናብተውም። ቢላው እሳት ከገባ በኋላ ያለውን ሥራ እሱ ይሞርዳል፤ ቀበቶውንም እሱ ይመርጣል። እኔ ቅርጽ አወጣለሁ፣ እጀታ እገጥማለሁ። ምክንያቱን ዓይኔ ደከመ ብዬዋለሁ፤ አንቺም እንዲሁ በይ። ለመስከረም ፈተናም ቢላው ላይ የሁለታችን ስም ይቀረጻል። የእርማት ምልክቱ ጅራት ግን ወደ ቀኝ መውጣት እንዳለበት አስተምሬዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን አልተመለሰልኝም። የክሊኒኩ ነርስ ዓይኔን አስጨፍና ጣቶቼን በመርፌ ስትነካካ የትኛውን እንደነካች መናገር እንዳቃተኝ፣ ነገሩም ከስኳር ሕመሜ እንደሆነ፣ የማውቀው እኔ ነኝ። የጻፍኩትም ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለሞሃው አልነገርኩትም። ለማሊኔዎ ደግሞ ብነግራት ኖሮ ክሎኮላን በሙሉ ለቅሶ ይደርሰኝ ነበር። ባልዲው የተጠጋው፣ ቀበቶዎቹም መጥፋት የጀመሩት ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ነው።

በጥቀርሻ የማሸቱ ብልሃትም የሞሃው አይደለም። እሱ የዋህ ነው። የትምህርት ቤት ጫማዋን ጥላ፣ እናቷ በስውር የገዛችላትን አዲሱን በጥቀርሻ አሽታ «ያው ነው፣ አባዬ» ያለችኝን ልጅ ግን አልረሳኋትም። ያን ጊዜም አውቄ ነበር።

ማስረጃው ሁሉ ሙስካትን ያመለክታል። መልስ ስትጽፊ አትካጂ።

ሰላም፣ ዝናብና ጥጋብ ከምትሠሪበት እስከምታድሪበት አይለዩሽ። የምታስታምሚያቸው ሁሉ በእጅሽ ይዳኑ።

አባትሽ፣
ቴፎ ራማባንታ

ከመሃል ጀምሮ ጽሑፌ ቢጣመምብሽ አትደንግጪ። ሞሃው ጣቶቼን በፋሻ ጠቅልሎልኝ ነው። «አሳመምኩዎት ወይ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። አላመመኝም።